ካብ ላይ ያደረ ሰዓት

«ስንት ሰዓት ሆነ፣ መምሬ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከጓዳ ሆነው።

መምሬ ገብረ አማኑኤል በርኖሳቸውን ደረቡ፤ ኮንጎ ጫማቸውን አጠለቁ፤ በሩን ከፍተው ወጡና ግቢውን አቋርጠው ካቡ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አይጠጉም። አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ ከድንጋዩ መሀል በተሰካች የአስታ እንጨት ላይ በጓሳ ሣር ገመድ የተንጠለጠለውን ሰዓት አነበቡ። ከዚያም በመጡበት ተመለሱ።

«ሰባት ተኩል አለፍ ብሏል።»

«እርስዎ ደርሰው እስኪመለሱማ ስምንት ሞልቶ ይሆናል» አሉ ሚስታቸው። «ጥላ እየለካን ስንኖር ይሻለን ነበር። ደግሞ አንድ ቀን ቁራ ይዞት ይሄድና ለአማችዎ የሚሉትን ያጣሉ።»

መምሬ ግን ቁራው ቢወስደው ለመናደድም ለማመስገንም ገና አልወሰኑም ነበር።

ሰዓቱ የዋዛ ሰዓት አይደለም። አንድ የመንዝ በግ መንጋ ከነጠቦቱ ዘመሮ ገበያ ወርዶ ቢሸጥ የሚገዛው ግማሹን ነው ይባላል። ያመጣው አማቻቸው ጌጡ ነው። ጌጡ አዲስ አበባ ሰዓትና መነጽር የሚሸጥ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከልል ሥርዓተኛ ልጅ ነው። ይህን የመሰለ ልጅ ግን በሠርጉ ለት ሊዋረድ ምንም አልቀረው ነበር። ከሙሽሪት ዘመዶች አንዱ ጠጅ ሲሞቀው የመምሬን ልጅ የፅዮንን እጅ ሳብ አድርጎ፣ ቀለበቱን ከነጣቷ በጥርሱ ነከስ አደረገና፣ «ይሄ ነገር ፎርጅድ እንዳይሆን» አለ። የጌጡ አባት አቶ ገብረየሱስ ዱላቸውን አንሥተው ቀጥ ብለው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ጎማው ፊት ባይደረደሩ ኖሮ ሠርጉ እዚያው አብቅቶ ነበር።

«ልጄ አስመሳይ አይደለም» አሉ አቶ ገብረየሱስ፣ አንድ እግራቸው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እንዳለ። «ይህችን ቃል በዚህ ግቢ ዳግመኛ ከሰማሁ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጃችሁም እናንተው ዘንድ ትቀራለች።»

ስለዚህ ጌጡ በመልሱ ለት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሰዓቱን ከነሣጥኑ አውጥቶ በአማቱ ክንድ ላይ አሰረ።

«ኦርጅናል ነው፣ አባ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ብረቱም ኦርጅናል፣ መስታወቱም ኦርጅናል፣ ማሰሪያውም ኦርጅናል። ከዚህ ውስጥ አንዱ እንኳ እንዳይለወጥ አደራ። አንዱ ከተለወጠ ኦርጅናልነቱ ፈረሰ ማለት ነው።»

«እንደ ቁርባን ጋብቻ በለኛ» አሉ መምሬ፤ ሰዉም ሳቀ፤ አቶ ገብረየሱስም ሳቁ።

ነገር የመጣው ከደብተራ አወቀ በኩል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በደብሩ ሰዓት ያለው ሰው አወቀ ብቻ ነበር። ደወሉ የሚደወለው፣ ቅዳሴው የሚገባው፣ ማኅበሩ የሚነሣው የአወቀ ሰዓት ሲፈቅድ ነው። ሰዓቱን ከአባቱ ነው የወረሰው። እርግጥ መስታወቱ ተሰብሮ ዘመሮ ላይ ተለውጧል፤ ማሽኑ ደብረ ብርሃን ላይ ተለውጧል፤ ቆጣሪዎቹ ከሌላ የሞተ ሰዓት ላይ ተነቅለው የገቡ ናቸው፤ ማሰሪያው ከአይሱዙ ጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ነው። ቢሆንም የአባቱ ሰዓት ነው። ጌጡ መጥቶ ከሄደ በኋላ ግን ሰው ሁሉ አወቀን እያለፈ መምሬን፣ «ስንት ሰዓት ነው አባታችን?» ማለት ጀመረ። መምሬም እጅጌያቸውን ለመሰብሰብ የማያስፈልግ ጊዜ ይወስዱ ነበር። ይህ ኃጢአት መሆኑን ያውቁታል፤ ደግሞ ያምር ነበር።

ቀበሌው ማንኛውንም ነገር በግምገማ መፍታትን ካስለመደ ወዲህ፣ ሰበካ ጉባኤውም ከጸሎት በኋላ ግምገማ ነበረው። መምሬ ለዚያ ስብሰባ ሣጥኑን ሳይቀር ይዘው ሄደው ነበር፤ ሰው ያየዋል ብለው። አወቀ ሣጥኑን ሲያገላብጥ ቆየና እጁን አወጣ።

«አንድ ሂስ አለኝ» አለ። በወርቃማ ክር የታሰረች ትንሽ ካርድ ከሣጥኑ ጎትቶ አወጣ። «መምሬ፣ ይህቺ ምንድን ናት?»

«ሥዕል ናት።»

«የምን ሥዕል?»

መምሬ ካርዷን ራቅ ጠጋ አደረጓት። «እንሽላሊት ትመስላለች።»

«አዞ ናት። ትምህርት ቤት ወስጄ ባስነብባትም አዞ ናት ነው የሚሉኝ። የሰዓትዎ ማሰሪያ የተሠራው ከአዞ ቆዳ ነው። እንግዲህ ጉባኤውን የምጠይቀው፣ አዞ ያመሰኳል ወይ?»

ከጉባኤው መሀል አዞን በቅርብ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ በግ ነጋዴ ብቻ ወደ ዓለም ከተማ ሲሻገር ዠማ ዳር አንድ ማየቱን ተናገረ። «ግን ሲያመሰኳ ለማየት አልቆምኩም» አለ።

«ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው?»

«ሰኮና እንኳ ያለው አይመስለኝም።»

«እንግዲያስ ርኩስ ነው» አለ አወቀ። «የርኩስ አውሬ በድን በክንዳቸው አስረው ነው መምሬ መቅደስ ሲገቡ የከረሙት። ሂሴን ጨርሻለሁ።»

ጉባኤው አቋም ያዘ፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሰዓቱ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ካህን የሚያድርበት ቤት እንዳይገባ። መምሬ ሰዓቱን እዚያው ከክንዳቸው በጨርቅ ፈትተው፣ እቤት ሲደርሱ በፍም ጉጠት ይዘው ካቡ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው አልነካውም።

በማግስቱ ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥተው ለጌጡ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይህችን ማሰሪያ በበግ ቆዳ ብለውጣትስ?»

«ኧረ አባ፣ ኦርጅናሉን?» የጌጡ ድምፅ ቀጠነ። «እንዲያው አባቴ እንዳይሰሙ። ኦርጅናል ባይሆን ነው ያወለቁት ይላሉ። የቀለበቱን ነገር ያውቁት የለ?»

መምሬ ከኮረብታው ሲወርዱ ነገሩን ከላይም ከታችም አዩት። ሰዓቱ ኦርጅናል ከሆነ ርኩስ ነው፤ ፎርጅድ ከሆነ ንጹሕ ነው። ልጃቸው በትዳሯ እንድትኖር ኦርጅናል መሆን አለበት፤ እሳቸው ሰዓቱን አስረው እንዲቀድሱ ፎርጅድ መሆን አለበት። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ሳያስቡት፣ «ምነው ፎርጅድ ባደረግኸው» ብለው ጸለዩ። ወዲያው ደንግጠው አማተቡና ጸሎቱን መለሱት።

ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነው። ነገ ደብሩ ይነግሣል፤ ቀዳሹም መምሬ ናቸው። ጌጡና ፅዮን፣ አቶ ገብረየሱስን አስከትለው፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረሱ። ደብተራ አወቀም እንግዳ ለመቀበል በሚል ከኋላቸው ደረሰ። አቶ ገብረየሱስ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ካቡ ላይ ተተከለ።

«ይህ የልጄ ስጦታ አይደለም እንዴ?»

መምሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቀ ቀደማቸው። ግምገማውን፣ ካርዷን፣ በድኑን፣ አቋሙን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ጨርሶ እንግዳው በዱላ እስኪነሡበት ጠበቀ። አቶ ገብረየሱስ ግን ፊታቸው በራ።

«አዞ ነው ብላችሁ ነው ያገዳችሁት?»

«የለየለት አዞ።»

«በጉባኤ?»

«በሙሉ ድምፅ።»

«እንግዲያስ ኦርጅናልነቱን አምናችኋል ማለት ነዋ!» አሉና ልጃቸውን ትከሻውን መቱት። «ሰማህ፣ ጌጡ? በጉባኤ ተመስክሮልሃል።»

ጌጡ አፉን በእጁ ከለለ። የሚስቅ ግን አይመስልም ነበር።

«ነው አይደል እንዴ፣ አዞ?» አሉ አባቱ።

«ነው» አለ ጌጡ፣ ለጫማው የሚነግር ይመስል። «ሻጩ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

መምሬ ተጠጉ። «እንግዲህ አቶ ገብረየሱስ፣ ሁላችንም በአዞነቱ ከተስማማን፣ ማሰሪያውን ብቻ በበግ ቆዳ ለውጬ ልሰረው። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው።»

«ኧረ በፍጹም። ዛሬ ማሰሪያው፣ ነገ መስታወቱ፣ ከነገ ወዲያ ማሽኑ። በኋላ እንደዚህ ሰውዬ ሰዓት ይሆናል» አሉ አቶ ገብረየሱስ፣ የአወቀን ካላማዳሪያ በዱላቸው ጫፍ እያሳዩ።

አወቀ ክንዱን በጋቢው ሸፈነ። «የእኔ ከአባቴ የወረስኩት ኦርጅናል ነው።»

«ምኑ ነው ከአባትህ የተረፈው?»

አወቀ ማሰብ ጀመረ። ከበሩ ላይ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ረዱት።

«መዘግየቱ» አሉ።

ፅዮን ሳቋን በነጠላዋ ስትውጥ ሰማዩ ተሰነጠቀ። የበልግ ዝናብ መንዝ ላይ ሲመጣ ደጅ አያንኳኳም፤ መጀመሪያ በረዶውን ይወረውራል፣ ከዚያ ውኃውን። ሁሉም ራሱን ይዞ ወደ ቤት ሮጠ። መምሬም ሮጡ። እደጃፉ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። በረዶው ካቡን እየቀጠቀጠ ነው። አስታዋ ትወዛወዛለች። ያ ሁሉ በግ፣ ከነጠቦቱ፣ በአንዲት ገመድ ላይ ይወዛወዛል።

መምሬ የቄስነታቸውን ትተው በእረኛ ሩጫ ሮጡ። ጉጠት የሚባል ነገር ትዝ አላላቸውም። ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በርኖሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ተመልሰውም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሙ።

በዚያን ጊዜ እጃቸው ከአእምሯቸው ቀደመ።

መምሬ ቅስና ሳይቀበሉ፣ በተማሪነታቸው ዘመን፣ ብራና ፋቂ ነበሩ። ስንት ፍየል፣ ስንት በግ በእጃቸው ተወጥሮ ተፍቋል። ቆዳ ሲደርቅ ሊዋሽ ይችላል፤ ሲርስ ግን የእናቱን ስም ይናገራል። አውራ ጣታቸው የረጠበውን ማሰሪያ አንዴ ሄደበት፤ አንዴ ተመለሰበት። ያ ቅርፊት ቅርፊት የሚመስለው ነገር ውኃ ሲጠጣ እያበጠ እየተለሰለሰ ነው፤ በጋለ ብረት የታተመ ነው። ጥቁሩ ቀለም መዳፋቸው ላይ ወረደ። እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

ላም። በደንብ እንኳ ያልለፋች ላም። የምታመሰኳ፣ ሰኮናዋ ስንጥቅ፣ ንጹሕ የእግዚአብሔር ላም።

ያን ሁሉ ቀን በጉጠት ባይሸሹት፣ አንዴ በጣታቸው ቢነኩት ኖሮ ያውቁት ነበር። ደስታው ከሆዳቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ደረሰ፤ ቃሉን ሊያወጡ ቀና አሉ። በሩ ላይ አራት ሰው ተደርድሮ ያያቸዋል። አወቀ ጣቱን ቀስሯል። አቶ ገብረየሱስ በኩራት ደረታቸውን ነፍተዋል። ፅዮን የባሏን እጅጌ ይዛለች። ጌጡ ደግሞ የሚያየው የመምሬን ፊት አይደለም፤ ጥቁር ቀለም የሚንጠባጠብበትን መዳፋቸውን ነው። ፊቱ እንደ ተፋቀ ብራና ነጥቷል።

«ነኩት» አለ አወቀ። «በባዶ እጅዎ ነኩት፣ መምሬ። ምስክር አለ። ነገ እንዴት ብለው ነው የሚቀድሱት?»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልጋቸው። እሷን ቢሉ፣ ሰዓቱም ነጻ፣ እጃቸውም ነጻ፣ አወቀም እስከ ወዲያኛው አፉን ይዘጋል። አቶ ገብረየሱስም ልጃቸውን ይዘው አውቶቡስ ፍለጋ ይወርዳሉ።

መምሬ ጉሮሯቸው የደረሰውን ዋጡት።

«ደብተራ» አሉ፣ «ሕግ ስትጠቅስ እስከ መጨረሻው ጥቀስ። በድን የነካ ሰው ይታጠባል፣ እስከ ማታም ርኩስ ይሆናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይነጻል። ቅዳሴው ነገ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ውጭ እቆያለሁ።»

«በዚህ በረዶ?» አለች ፅዮን።

«በረዶ ጣለ ተብሎ ሕግ አይሻርም፣ ልጄ።» ከዚያም ወደ አቶ ገብረየሱስ ዞሩ። «እስቲ ይፍረዱኝ። ኦርጅናል ባይሆን ኖሮ፣ እኔ ሽማግሌው በዚህ ብርድ ውጭ እቀመጥ ነበር?»

መምሬ የስንት ሰው ነፍስ አባት ናቸው፤ ጥያቄ ውሸት እንደማይባል ያውቃሉ።

አቶ ገብረየሱስ ልባቸው ተነካ። «የለም፣ የለም። ለልጄ ስጦታ እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቴ አላየሁም» አሉ። ትንሽ ተከዙ። «እንዲህ ከሆነስ ማሰሪያው ይለወጥ። እኔ ፈቅጃለሁ። ኦርጅናሉን ግን ለማስታወሻ እወስደዋለሁ፤ ሠፈር ላሳየው።»

ጌጡ ሳል ያዘው።

«በድን ነው» አሉ መምሬ ፈጠን ብለው። «በድን አይዞርም፤ ይቀበራል።»

«እኔ እቀብረዋለሁ» አለ ጌጡ። ማንም መልስ ሳይሰጠው ማሰሪያውን ከሰዓቱ ነቅሎ፣ ዶማ ከጓሮ አንሥቶ፣ በከተማ ጫማው ጭቃውን እያቦካ ሄደ። ሰዓት ሻጭ እንደዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፍር በመንዝ ታይቶ አይታወቅም።

በረዶው አባራ። አወቀ፣ ደወል አለብኝ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሰዓቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ተናግሮ ሄደ። መምሬ ታጠቡና ካቡ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የበግ ጠጉር ባና ይዘውላቸው ወጡ። ሲያለብሷቸው ጎንበስ አሉና ቆም አሉ።

«ላም ላም ይሸታሉ።»

«ጌጡ አዞ ነው ብሏል።»

«እኔም እኮ አፍንጫ አለኝ፣ መምሬ።»

«አፍንጫም አለሽ፣ አፍም አለሽ። ለዛሬ አንዱን ብቻ ተጠቀሚበት።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ባሏቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ባናውን በትከሻቸው ዙሪያ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉላቸውና ገቡ።

ጌጡ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ መጣ። ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ፅዮን ስትነግረኝ፣ ድሮ ብራና ይፍቁ ነበር አሉ።»

«ድሮ።»

«ቆዳ ያውቃሉ ማለት ነው።»

«የማውቀው የአገሬን ነው። አዞ እኛ ዘንድ የለም።»

ጌጡ ጭቃውን ከጣቱ ላይ ይልግ ጀመር። «ሻጩ ምሎልኝ ነው፣ አባ። በልጆቹ ነው የማለልኝ።»

«ሲምልልህ አመንከው። ማመን አያሳፍርም፤ እኔም የምኖረው በማመን ነው።»

ውስጥ እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማል።

«የበጉ ማሰሪያ ከገባለት በኋላ እንግዲህ ኦርጅናል ነው ማለት አይቻልም» አለ ጌጡ፣ የነጋዴነቱ አልለቅ ብሎት።

«የበጉን ቆዳ ነው የምትለው?» መምሬ ተገረሙ። «በጉን እዚህ ግቢ ነው ያሳደግሁት። እናቱንም አውቃታለሁ፤ አያቱንም አውቃታለሁ፤ ጓሳ ተራራ ላይ ጅብ ነው የበላት። ከዚህ የበለጠ ኦርጅናል ከየት ልታመጣ ነው?»

ጌጡ ሳቀ። ዛሬ ገና ሲስቅ አፉን አልከለለም፤ እጁ ጭቃ ነበራ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። ከኋላቸው የእሳቱ ብርሃንና የሽሮው ሽታ አብሮ ወጣ።

«መምሬ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ደብተራው ሄዷል። አቶ ገብረየሱስም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የሚያይ የለም፤ ይግቡ እንጂ።»

የመምሬ ጉልበት ከመቀመጫው ግማሽ ተነሣ። ጆሯቸው ከብርዱ የተነሣ አይሰማቸውም። ፀሐይቱ ከጓሳ አናት በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታለች። በእጃቸው ያለውን፣ ማሰሪያ የሌለውን ሰዓት አዩት። መስታወቱን ከውስጥ ጉም ሞልቶታል፤ የሰከንዱ ቆጣሪ በረዶው የጣለበት ደቂቃ ላይ ቆሟል። ቀና ሲሉ ጌጡም እያየው ነው።

ሰዓቱን ወደ እሱ ዘረጉለት። «ስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ?»

ጌጡ የቆመውን ቆጣሪ ተመለከተ፤ ፀሐይቱን ተመለከተ፤ ከዚያ በተከፈተው በር ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የሚያንኮራፉትን አባቱን ተመለከተ።

«ገና ነው፣ አባ።»

«እንግዲያስ እንቆያለን» አሉ መምሬ። ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና የባናውን አንድ ጎን ገልጠው አማቻቸውን አስጠጉት።